ክብርት ጉበት

ሰው በሰላም ክኒን እንዳይውጥ የሚከለክል አንድ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ የለም። ለልብስ ሰፊው የደረሰችው የሚስቱ ታላቅ እህት ናት፤ ቤተ ዘመዱ "ክብርት ጉበት" ይላታል።

ክብርት ጉበት የእኔ ወገን፣ የእኔ ሰው ብላ አትለይም። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ የማታውቀው ሰውዬ ክኒን አፉ ሊከት ሲል እጁን ያዘችው።

"ከሱ በፊትስ ምን ወስደሃል?"

"ሴትዮ፣ ምኔ ነሽ?"

"እኔ ምንህም አይደለሁ፤ ጉበትህ ግን ያንተው ነው።"

ሰውዬው ፌርማታው ሳይደርስ ወረደ።

ሥራዋም ይኸው ነው። ቤተ ሙከራዋ ውስጥ አውራ ጣት የምታክል ዕቃ አለች። የሟሟ መድኃኒት በውስጧ ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፤ ያኔ መድኃኒቱ ጉበት ውስጥ እንደገባ ያህል ይለወጣል። ምን ሆኖ እንደወጣ ሌላ ማሽን መዝኖ ይናገራል። "ጉበትን ሙሉ በሙሉ አትተካም" ትላለች፣ ስለ ልጇ እንደምታወራ እናት፤ "ግን ጎበዝ ናት።"

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልብስ ሰፊው ራሱን ያመዋል። ጠዋት የራስ ምታት ክኒን፣ ከሰዓት የጉንፋን ዱቄት፣ ሲመሽ ሁለቱንም። ክብርት ጉበት ልትጠይቀው መጥታ ሁለቱንም ፓኬት ከስፌት መኪናው አጠገብ አገኘች። አገላብጣ አነበበችና ጫማህን አድርግ አለችው።

"ኧረ ተይኝ፣ ደንበኛ እጠብቃለሁ።"

"ዛሬ ደንበኛው ይጠብቅህ።"

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ወስዳ ደሙን አስመረመረች፤ ጉበቱ ገና ደህና ነው ተባለ። በዚህ የምትለቀው መስሎት ነበር። እሷ ግን ቤተ ሙከራ ይዛው ገባች፤ ከሁለቱም ፓኬት ትንሽ ትንሽ አሟሙታ በየተራ በዕቃዋ አሳለፈች። የማሽኑ ስክሪን ላይ ባለው መስመር ከሁለቱም አንድ ዓይነት ጉብታ ብቅ አለ።

"አየህ? ስማቸው ሁለት ነው እንጂ መድኃኒቱ አንድ ነው። እጥፍ እየዋጥክ ነው። ይቺ ጉብታ ከመድኃኒቱ የምትወጣው መርዝ ናት። ጥቂት ስትሆን ጉበትህ ያከሽፋታል፤ ስትበዛ ግን እሷ ጉበትህን ታከሽፈዋለች።"

"ራሴን እኮ ያመኛል።"

"አውቃለሁ" አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። "የሞተችው እህቴ ናት እኮ።"

ከቀብሩ ወዲህ ሰው ሁሉ "በርታ" ብሎት ሄዷል፤ እጁን ጎትቶ ከቤት ያወጣው ግን አልነበረም።

"ነገም እዚህ ነሽ?"

"የት እሄዳለሁ?"

"እና... ሌላ የሚመረመር ክኒን ፈልጌ ልምጣ?"

"ባዶ እጅህን ና" አለችው።