ሻንሲ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች

በአገራችን ሐዘንተኛን የሚያስቸግረው የአልቃሽ እጥረት አይደለም። አልቃሽ ሞልቷል። የሚያስቸግረው የሐዘን አዋቂ መብዛቱ ነው። ምን መልበስ እንዳለብህ፣ እንዴት መቀመጥ እንዳለብህ፣ ከመቼ ጀምሮ መሳቅ እንደሚፈቀድልህ የሚነግርህ ሰው ከየበሩ ይመጣል። ብታለቅስ «እግዜርን አታስቀይም» ትባላለህ፤ ባታለቅስ «ምን ዓይነት ልብ ነው!» ትባላለህ። ትክክለኛው መጠን የት ላይ እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም። እናንተ ካወቃችሁ ለራሳችሁ ያዙት።

እኔ በርና መስኮት በያጅ ነኝ። ቤቴ ከላምበረት መናኸሪያ ጀርባ ነው፤ ከግቢዬ ቀና ሲሉ የእንጦጦ ተራራ ይታያል። ልጄ ናሆም አምስት ዓመት ሳይሞላው ታመመ፤ ሞተ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ መኪናው ነው።

መኪናውን የጀመርኩት ናሆም እያለ ነው። ሻንሲውን፣ ማለትም መኪናው ሁሉ የሚያርፍበትን የብረት አጽም፣ ግቢዬ ውስጥ ራሴ በየድኩት። የኋላ እግሩን፣ ጎማዎቹን ከነዘንጋቸው፣ ፊቱ ከተጨፈለቀ አሮጌ ፒክአፕ ላይ ፈታሁ። ናሆም ደግሞ አንድ የጸና እምነት ነበረው። መናኸሪያው በር ላይ ሞተሩ እምቢ ያለ ሚኒባስ ሰዎች ሲገፉ አይቶ፣ መኪና ሁሉ የሚሄደው ከኋላ ሰው ሲገፋው ነው ብሎ ደምድሟል።

«የእኛንስ ማን ይገፋዋል?» አለኝ።

«የኋላ ጎማዎቹ ራሳቸው።»

«ውሸት!» አለ፣ እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ወገቡ ላይ አድርጎ። እንግዲያው መኪናው ሲያልቅ ጋቢና ተቀምጦ እንጦጦ ማርያም ድረስ እንድንወጣና ማንም እንደማይገፋን በዓይኑ እንዲያይ ተስማማን።

አላየም። እኔ ግን ተስማምቻለሁ።

ከአርባው በኋላ ወደ መኪናው ተመለስኩ። ጥቁር ልብሴን ሳላወልቅ ሥሩ ገባሁ። ጥቁር ልብስ ለዚህ ሥራ የተሰፋ ይመስላል፤ ግሪስ አያሳይም። የመዶሻው ድምፅ ሲሰማ ሰፈሩ ራሱን ነቀነቀ። «ሰውዬው ለየለት» ያሉም ነበሩ። ለማበድ ጊዜ አልነበረኝም። ባሌስትራ እየገጠምኩ ነበር።

ባሌስትራ የኋላውን ጭነት ተሸክሞ የሚያነጥረው፣ ተነባብሮ የታሰረ የቅስት ብረት ነው። ሁለቱን ባሌስትራዎች ከሻንሲው አገናኘሁ። ኃይሉን ለሁለቱ ጎማ የሚያከፋፍለውን ዱባ የሚያክል ዲፈረንሻል ከነዘንጎቹ አሰርኩ፤ ጎማዎቹን አጠለቅኩ። የቀረው የባሌስትራውን ጫፍ የሚይዙትን ብሎኖች ማጥበቅ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብሎኑ የሚያልፈው ጎሚኒ በሚባል የጎማ ቀለበት ውስጥ ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን ጥርቅም ያደርጉታል። ሲያዩት የጸና ይመስላል። መሬት ወርዶ ጭነት ሲያርፍበት ጎሚኒው ይጠማዘዛል፤ ውሎ አድሮ ይቀደዳል። ደንቡ ሌላ ነው፦ ብሎኑን ላላ አድርገህ ታስገባለህ፣ መኪናውን በጎማው ታቆማለህ፣ ክብደቱን ታሳርፍበታለህ፤ ከዚያ ታጠብቃለህ። በቀብሩ ማግስት «በርታ፣ ጠንክር» ይሉኝ ለነበሩት ሁሉ ይህን ባስረዳቸው ደስ ባለኝ ነበር።

የእኔ መኪና ግን ክብደት አልነበረውም። አካል የለው፣ ወንበር የለው፤ ሞተሩም ጥግ ላይ ሸራ ለብሶ ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ በጎማው አቁሜው፣ ሻንሲው ኋላ ላይ ጣውላ አጋድሜ፣ አሸዋ በጆንያ ልጭንበት አስቤ ነበር።

አሸዋውን ሳልጭን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ጋሽ ታደሰ ሰፊ ሰው ናቸው፤ ሚኒባስ ውስጥ ጎናቸው የተቀመጠ ሰው ተጨማትሮ ይወርዳል። ባለቤቴ ሰላም የምታስቀምጥበት አጣች። የእድሩ አግዳሚዎች ሌላ ለቅሶ ቤት ሄደዋል፤ ያስጫኗቸውም ራሳቸው ጋሽ ታደሰ ናቸው። ወደ ቤት ግቡ ብንል «ደጁ ይሻለናል» አሉ። ሰላም ግቢውን ቃኘች፤ እኔን አየችኝ። ከዚያ ሄዳ ጣውላዎቹን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ጋሼ፣ እዚህ አረፍ በሉ።»

«ይችለናል?»

«አብረን እናያለና» አልኩ።

አራቱም ተደርድረው ተቀመጡ። የባሌስትራው ቅስት ቀስ ብሎ ተዘረጋ። ልክ እኔ የምፈልገውን ያህል። የብሎን ቁልፌን ይዤ ሥር ገባሁ።

«የት ሄደ ይሄ ልጅ? እየተናገርን እኮ ነው!»

«ከሥራችሁ ነኝ። ቀጥሉ፣ እሰማለሁ።»

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ሐዘን ወግ አለው። ለሕፃን ይህን ያህል አይታዘንም። ወጣቶች ናችሁ፤ እግዜር ይተካላችኋል።»

«መለዋወጫ ያለው ለመኪና ነው፣ ጋሼ።»

አንዱ ብሎን ጠበቀ።

«ይሁን። ይህ ብረት ግን ዓይናችሁን ያደማል። ቆራሌው አሁን ይመጣል፤ የጠራሁት እኔ ነኝ። ይጫነውና ግቢው ይጽዳ። ለሞተ ልጅ መኪና ይሠራል እንዴ?»

«እንጦጦ ላወጣው ቃል ገብቼለታለሁ። ለሞተ ሰው አርባና ሙት ዓመት የምታወጡት እናንተ አይደላችሁም? ለሙት የተገባ ቃል ይቀራል ሲባል የሰማሁት ዛሬ ከእርስዎ ነው።»

ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ብሎን ጠበቀ።

«በሉ እንነሣ» አሉ ጋሽ ታደሰ፤ ተቀይመዋል።

«እንዳይነሡ!» ብላ ሰላም ጮኸች። «አንድ ብሎን ይቀረዋል!»

የተከበሩ አራት ሽማግሌዎች እንደተቀመጡ ደረቁ። ነገሩን ከሥር ሆኜ አስረዳሁ፤ ስለ ጎሚኒው፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ጆንያው።

«ቆይ፣ እኛን ነው እንዴ የጫንከው?»

«አሸዋ ነበር የታሰበው። እናንተ ቀደማችሁ።»

«አሸዋ!» አሉ ጋሽ ታደሰ፤ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ ወደ ሌሎቹ ተላለፈ። ባሌስትራው ከነሽማግሌዎቹ ይነጥር ጀመር። «አትሳቁብኝ፣ ቁልፉ ሾለከ!» እላለሁ ከሥር። ሰላም አፏን በነጠላዋ ይዛ ትከሻዋ ይርገበገባል። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ማንም «ገና ነው» አላላትም።

የመጨረሻው ብሎን ሲጠብቅ የግቢው በር ተንኳኳ። «ቆራሌው!»

ሁላችንም ጋሽ ታደሰን አየን። ንቅንቅ አላሉም።

«ምን ፈለግህ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ብረት አለ ያሉኝ?»

«የምን ብረት? ሰው የተቀመጠበት አይታይህም?»

ቆራሌው እየተነጫነጨ ሄደ። ጋሽ ታደሰ ወርደው ልብሳቸውን አራገፉ። የተቀመጡበትን ጣውላ ሁለቴ መታ መታ አደረጉት፤ እንደ በሬ ጀርባ።

«እንግዲህ እንጦጦ ስንወጣ ጋቢና ለእኔ ነው። እግሬን ያመኛል።»

«ጋቢና ተይዟል፣ ጋሼ።»

ማን እንደያዘው አልጠየቁም። ለጥቂት ጊዜ ወደ ተራራው አዩ።

«እንግዲያው ከኋላ እሆናለሁ። ዳገቱ እምቢ ካለውም ወርደን እንገፋለን።»

«አይሆንም» አልኩ። «ከኋላ ማንም አይገፋም። ነገሩ እሱ ነው።»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እውነት ነው፤ ግን አንዳንዴ ሰው የሚቸግረው ሸክሙን የሚያነሣለት ሳይሆን አብሮ የሚቀመጥበት ነው። ስለዚህ ሊያጽናናኝ የሚፈልግ ካለ አሁንም ደጄ ክፍት ነው። የፊት እግሩ ብሎኖች ገና አልጠበቁም። ወፈር ያለ ሰው ቢሆን ይመረጣል።