ቫልቭና ደቦ

ትራክተር የገዛ ሰው ሁለት ነገር አያጣም፤ የዘይት እድፍና መካሪ። እድፉስ በሳሙና ይለቃል። መካሪው ግን ወይ ፍንክች! የእኔዋ ትራክተር ትንሽ ናት፤ ቁመቷ ከበሬ ብዙም አይበልጥም። ዋጫ ከተማ አጠገብ ባለው መንደራችን ስታልፍ ግን ምክር የማይሰጣት የለም። አንዱ ጎማዋ ቀጠነ ይላል። ሌላው ጭሷ በዛ ይላል። ከሁሉም የሚብሱት አማቴ ጋሽ ገብሬ ናቸው። "ይቺ ነገር ጉልበት አላት፣ እጅ ግን የላትም" ይሉኛል። ማረስ ታርሳለች፣ ተሳቢም ትጎትታለች፤ የጎተተችውን የሚያራግፈው ግን ሰው ነው ማለታቸው ነው።

እውነታቸውን ነው። ግን እውነት ስለሆነ ብቻ እሺ ይባላል እንዴ? ያውም ለአማት?

ነገሩ እንዲህ ነው። የትንሽ ትራክተር የሃይድሮሊክ ዘይት የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ከኋላ ያለውን ማረሻ ማንሳትና ማውረድ። ተሳቢውን ገልባጭ ላድርገው ካላችሁ ከሥሩ ወደ ላይ የሚገፋው ጃክ ይገባለታል። ለጃኩ ደግሞ ዘይት የሚያደርስለት ሌላ ቫልቭ ያስፈልጋል። የቦንጋው መካኒክ ታደሰ ይህን ሲነግረኝ አላቅማማሁም፤ ግጠምልኝ አልኩት። ታደሰ እጁ ወርቅ ነው። ክፋቱ፣ ከካቻቢቴው ይልቅ "ነገ" የምትለዋን ቃል አብዝቶ ይጠቀምባታል። ቫልቩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ፣ ነገ። ቱቦው እስኪገኝ፣ ነገ። በስንት መከራ መጥቶ ሲገጥመው ደግሞ ተሳቢው ተነሳ፣ ማረሻው ሞተ! ለካ ዘይቱ ከአዲሱ ቫልቭ ወጥቶ ወደ አሮጌው የሚቀጥልበትን መስመር ሳያገናኝ ቀርቶ ኖሯል። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እሱማ ቀላል ነው፣ ነገ።"

እኔ ደግሞ አዲስ ቤት ልሠራ ተነስቻለሁ። ለመሠረቱ ድንጋይ መምጣት አለበት። ነገ በነገ ሲሆንብኝ ታደሰን ተውኩትና ለቅዳሜ ደቦ ጠራሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ከድንጋዩ በኋላ ደግሞ ክረምት ሳይገባ ጣራ ማውጣት አለ። ጣራ ያለ ሰው አይወጣም። ከእነዚሁ ጎረቤቶቼ ሌላ ማን አለኝ?

አሁን የታደሰን ሥራ እዩልኝ። ዓርብ ከሰዓት፣ ሳይጠራ፣ በሞተር ሳይክል ከተፍ አለና መስመሩን አገናኝቶ ጨረሰው! የአዲሱን ቫልቭ እጀታ ገፋ ሳደርገው ተሳቢው አፍንጫውን ቀና አድርጎ ተነሳ። ማረሻውም አላኮረፈም። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ደቦውን እንዳልሰርዝ ባለቤቴ ቆጮውን ጋግራ፣ ቦርዴውን ጠምቃ ጨርሳለች። ግድ የለም፣ ይምጡ አልኩ። ይብሉ፣ ይጠጡ፤ ድንጋዩን እኔ አራግፋለሁ። ከዚህ በላይ ደግነት አለ?

ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያውን ጭነት ይዤ ስደርስ ሰዉ እጅጌውን ሰብስቦ ይጠብቀኛል። ዘወር በሉ አልኩ ደረቴን ነፍቼ። እጀታውን ገፋሁት። ድንጋዩ ግርርር ብሎ ወረደ። ጭብጨባ ስጠብቅ እርስ በርስ ተያዩ።

"እኛስ?" አለ ጎረቤቴ አሰፋ።

"እናንተማ ግቡና ብሉ!" አልኩት።

ምነው አፌን በቆረጠው! የሁሉም ፊት ጠቆረ። ሳይሠራ የደቦ ምግብ የበላ ሰው እኛ ዘንድ ስሙ ክፉ ነው። አሰፋ ለማኝ መሰልንህ ወይ ብሎ አፈጠጠብኝ። ሌላው ኮቱን ከአጥሩ ላይ አነሳና፣ እንግዲህ ሰው አያስፈልግህም፣ ጣራህንም በዚያው እጀታ አውጣው ብሎ ወደ በሩ አመራ። ጋሽ ገብሬ ዱላቸውን ተደግፈው ያዩኛል። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ያየችኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝ። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ሳይበሉ ከሄዱ ነገ ለጣራው ማን ይመጣልኛል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው፤ ድንጋይ አፍስሼ ሰው ልለቅም!

እኔ ግን በቀላሉ እጅ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ቆዩኝ፣ ሌላ ጭነት አለ ብዬ ከነፍኩ። ስመለስ መሄዱም መቅረቱም አልሆነላቸው፣ በሩ ላይ ቆመዋል። ትራክተሯን አቆምኩና እጀታውን ያዝኩ። ተንፈራገጥኩ፣ ተሳደብኩ፣ ካቻቢቴ አወጣሁ፣ ላቤን ጠረግሁ። እጀታውን ግን ቅንጣት አልገፋሁትም። ተሳቢው ምን በወጣው ይነሳል?

"እምቢ አለ! ታደሰ ጉድ ሠራኝ!" ብዬ ራሴን ያዝኩ።

ፊታቸው ሲበራ ባያችሁ! "አይዞህ!" አለ አሰፋ። ብረት ነው፣ ይሰበራል፣ እኛ አለን አይደል ወይ እያለ ኮቱን ወረወረው። ተረባረቡበት። እየዘፈኑ አራገፉት፤ ቀጥሎ የመጣውንም፣ ከዚያ ቀጥሎ የመጣውንም። ከዚያማ በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁኝ። ለጣራውም ቀን ቆረጡልኝ። ታደሰን ደግሞ እስኪበቃው ረገሙልኝ። ያሳዝናል፤ ግን ለእነዚያ ሁሉ "ነገ"ዎቹ ሲያንሰው ነው።

ሰው ሲበተን ጋሽ ገብሬ ቀሩ። ትራክተሯን ዞር ዞር ብለው አዩ። እጀታውን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉት። አላልኩህም ሊሉኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ለሚመጣው ቅዳሜ ለአጥራቸው ድንጋይ ደቦ እንደጠሩ ነገሩኝና ትራክተሯን ይዤ እንድመጣ ጠየቁኝ። እሺ አልኳቸው። ጥቂት ሄድ አሉና መለስ ብለው፣ ግራ ቀኙን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ዓርብ ና፤ አብዛኛውን ገልብጥልኝ። ቅዳሜ ግን አደራህን፣ ሰው ሲሰበሰብ ይበላሽ።"