ስፒል የጎረሱት ልብስ ሰፊ

ሁሉን አውቆ ምንም የማይናገር አንድ ሰው የሌለው ሰፈር የለም። ነበረ፤ እርስ በርሱ ተባልቶ አለቀ።

የእኛ ሰፈር እስካሁን የቆመው በልብስ ሰፊያችን፣ በክቡርነታቸው በጋሽ እምም ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ደርዘን ስፒል በከንፈራቸው ነክሰው ስለሚሠሩ፣ ለጥያቄውም ለሐሜቱም መልሳቸው አንድ ነው፤ «እምም»። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። በጋሽ እምም አፍማ ልግባ ያለ ዝንብ ተወግቶ ይመለሳል።

ሰው ደግሞ መልስ የማይሰጥ ጆሮ ሲያገኝ አያድርስ ነው። የማን ወገብ በዓመት ስንት ጣት እንደሰፋ፣ የትኛው አለቃ ሌላ ሥራ ሊቀጠር በድብቅ ሙሉ ልብስ እንዳሰፋ፣ ሁሉም እዚያች ጠባብ ክፍል፣ በካውያውና በልብስ መለኪያዋ መጋረጃ መካከል ይራገፋል። አንዴ ሁለት የተጣሉ ጎረቤቶች እሳቸው ዘንድ ተገጣጠሙና «ጋሽ እምም የተስማሙት ከእኔ ጋር ነው!» «የለም፣ ከእኔ ጋር ነው!» ተባባሉ። እሳቸው መሃል ቆመው «እምም» አሉ። ሁለቱም ረክተው ሄዱ።

እኔ በተቃራኒው ነኝ። እናቴ «ያንተ ምላስ ቀድሞህ ተወልዶ ሲጠብቅህ ነበር» ትላለች።

የታናሽ እህቴ ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሱሪዬን ላሳጥር ሄድኩ። በርጩማ ላይ አቆሙኝና እግሬ ሥር ተንበርክከው ጠርዙን በስፒል ይይዙ ጀመር። እኔም ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ የእህቴን የሠርግ ቀሚስ አዩልኝ? አማቷ ናት አሉ የመረጠችላት። እህቴማ ‹ይህን ከምለብስ ጆንያ ይሻለኛል› ብላ ስታለቅስ ዋለች!»

«እምም!»

«አይደል? እኔስ ምን አልኩ!»

«እምም! እምም!» ዓይናቸውን አጉረጥርጠው ወደ መጋረጃው አሳዩኝ።

«ልክ ነዎት፣ መጋረጃው ራሱ ከቀሚሱ ይሻላል! ሴትዮዋ እኮ…»

ያቆምኩት ስፒሉ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲሰካ ነው። የእኔ ጩኸት ሳያበቃ መጋረጃው ተገለጠ። የሙሽራው እናት፣ አንድ እጅጌ ብቻ የተገጠመለት ቀሚስ ለብሰው ቆመዋል።

«ጆንያ አልክ፣ ልጄ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አራት ዓመት የተጠበቀው የእህቴ ትዳር በርጩማ ላይ ሲፈርስ ታየኝ። ላስተባብል አፌን ስከፍት ጋሽ እምም እጃቸውን አነሱብኝ። ከዚያ ስፒሎቹን ከከንፈራቸው አንድ በአንድ እየነቀሉ ትንሿ ትራስ ላይ ይሰኩ ጀመር። ምንም አልተቻኮሉም። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርሱ የሴትዮዋ ንዴት በርዶ ነበር።

«እትዬ፣» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጭን ኖሯል፤ «እርስዎ የመረጡት ጨርቅ እንከን የለውም። አንገቱን ያጠበብኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ስትለካው ትንፋሽ አጥሯት ነው የወጣችው። ጆንያ ያሰኛት የእኔ መቀስ ነው።»

እውነት ይሁን የደግነት ውሸት እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም። መጠየቅም ንግግር ነው።

«አንገቱ እኔንም አላማረኝም ነበር» አሉ ሴትዮዋ በመጨረሻ፤ «ይከፋታል ብዬ ነው የዋጥኩት። በሉ ጥሯት፣ አብረን እናስተካክለው።»

ሴትዮዋ ሲወጡ ላመሰግን ተንደረደርኩ። ጋሽ እምም አንዲት ስፒል ዘረጉልኝ።

«ያዝ።»

በእጄ ተቀበልኳት። ራሳቸውን ነቀነቁና ከንፈሬን አሳዩኝ።

በሠርጉ ቀን እህቴና አማቷ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀምጠው ሳሉ «ወንድም ይናገር!» ተባለ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ተነሳሁ፤ ስፒሏን ከኪሴ አውጥቼ በከንፈሬ ያዝኩ፤ «እምም» ብዬ ተቀመጥኩ።

በዕድሜዬ እንዲያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። ከሁሉ ጮክ ብሎ የሚስቀውን ሰው ለማየት ዞርኩ። ጋሽ እምም ነበሩ፤ ለዚያ ቀን አፋቸውን ባዶ አድርገው መጥተዋል።