ከአይጥ ነፃ የሆነችው ከተማ

ከነቀምቴ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ የምትርቅ፣ ስሟን ብንጠራ ትሕትናዋን የምንነካባት አንዲት ከተማ፣ የሰው ልጅ ጎተራ መሥራት ከጀመረበት ቀን አንስቶ ሲታገለው የኖረውን ጠላት በ2012 ዓ.ም. በሦስት ሳምንት ድል አደረገች። ጥይት አልተኮሰችም፤ መርዝም አላባከነችም። ድሉን ያስገኘው አንድ ቅጽ ነው።

ቅጹን ይዞ የሚዞረው ጉደታ ነበር፤ በአንድ መሥሪያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ የተባይ ቁጥጥር ሠራተኛ። ሰኞ ሰኞ አርባ ሁለቱን ምግብ ቤቶችና ልኳንዳዎች ያዳርሳል። በቅጹ ላይ ሁለት ሳጥኖች አሉ፦ «አይጥ ታይቷል»፣ «አይጥ አልታየም»። ሁለተኛዋ ሳጥን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቀለም ነክቷት አያውቅም።

ኮሮና መጣና ምግብ ቤቶቹም ልኳንዳዎቹም ተዘጉ። ጉደታ ባዶውን ቅጽ ይዞ ወደ ኃላፊው ወደ ኦቦ ፊራኦል ገባ።

«በሮቹ ሁሉ ተቆልፈዋል። ምን ብዬ ልሙላው?»

ኦቦ ፊራኦል ርቀታቸውን ለመጠበቅ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «አይጥ አዩ?»

«ውጭ ቆሜ ምን አያለሁ?»

«የጠየቅኩትን ይመልሱልኝ፣ ኦቦ ጉደታ። አዩ ወይስ አላዩም?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ቅጹ የሚጠይቀው ይህንኑ አይደል?»

በሦስት ሰኞ አርባ ሁለቱም ቤቶች ነፃ ወጡ። ሪፖርቱ «በተቀናጀ ርብርብ» በሚል ሐረግ ተሸልሞ ለበላይ አካል ተላከ፤ የምስጋና ደብዳቤም መጣ።

አይጥ ግን ሪፖርት አያነብም። የሥጋ ቅንጥብጣቢና የእንጀራ ትርፍራፊ ሲቀርበት አንድ ሳምንት ጠበቀ፤ በሁለተኛው ተርቦ ወደ ሰው ቤት ገባ። ኀፍረቱንም ትቶ በቀን መንገድ ያቋርጥ ጀመር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ስለከለከለ፣ በዚያች ከተማ ሃያና ሠላሳ ሆኖ የሚንቀሳቀስ እሱ ብቻ ነበር።

ከልኳንዳዎቹ ጀርባ በቆሎ የሚሸጡት አዴ አሰገደች፣ ወላጆቻቸው በሰፈራ ዘመን ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ፣ አንድ ቀን የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው መሥሪያ ቤቱ ደረሱ። የሕፃኗ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«አይጥ ነከሳት፣ የኔ ጌታ። በጠራራ ፀሐይ፣ ጡጦዋን እንደያዘች።»

«ምግብ ቤት አለዎት?» አሉ ኃላፊው።

«የለኝም።»

«ልኳንዳስ?»

«እኔ ደኻዋ ልኳንዳ ከየት አምጥቼ?»

«እናዝናለን። መኖሪያ ቤት በቅጹ ላይ የለም።»

«አይጡ ግን ቤቴ አለ» አሉ አዴ አሰገደች።

በሩ ላይ ቆሞ የሰማው ጉደታ ሕፃኗን ራሱ ጤና ጣቢያ አደረሳትና ተመልሶ ከመጋዘን አሥራ ሁለት ወጥመድ አወጣ፤ ሕፃን በሚድህበት ቤት መርዝ ማስቀመጡን አልወደደም። በአራት ቀን ከአዴ አሰገደች ቤት ብቻ ስድሳ ሰባት አይጥ ያዘ። በጆንያ ተሸክሞ ከኃላፊው በር ላይ ዘረገፋቸው፤ ያን ጊዜ እውነቱ ያሸነፈ መስሎት ነበር።

ኦቦ ፊራኦል ማስካቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ። «የየት አገር ናቸው እነዚህ?»

«የኛው ናቸው።»

«የኛ ከተማ ነፃ መሆኗ በደብዳቤ ተረጋግጧል። ስለዚህ ከሌላ ቦታ የገቡ ናቸው። ማን አመጣቸው?»

«እኔ ነኝ ያመጣኋቸው፤ ግን…»

«ማመንዎ ጥሩ ነው።»

በማግስቱ ጉደታ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፦ «የጉዞ ገደብ በተጣለበት ወቅት ስድሳ ሰባት አይጥ ከአይጥ ነፃ ወደሆነች ከተማ በማስገባት።» ስድስት ልጆች አሉትና ፈረመ። ከዚያም ወጥቶ ወጥመዶቹን የአዴ አሰገደች ጎረቤት ቤት ወስዶ ጠመዳቸው።

ገደቡ ሲነሳ ልኳንዳዎቹ ተከፈቱ። የጥብስ ሽታ ሰፈሩን ሲያውደው አይጦቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ቀድሞ ሥራቸው ተመለሱ። ባለ ምግብ ቤቶቹ ግልብጥ ብለው መጥተው አቤት አሉ። ኦቦ ፊራኦል በጥሞና ሰሙና አቅጣጫ አስቀመጡ፦ ምግብ ቤቶች ነፃ ተብለው ስለተመዘገቡ ዳግም አይፈተሹም፤ ከእንግዲህ ትኩረታችን መኖሪያ ቤት ነው።

አዲስ ቅጽ ታተመ። ኃላፊው ፎቶ አንሺ አስከትለው፣ ጉደታን ከኋላ አሰልፈው፣ በመጀመሪያ የገቡት አዴ አሰገደች ቤት ነበር።

«አካም ቡልተኒ፣ አዴ?» አሉ ኃላፊው፤ እንዴት አደሩ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ እግዜር ይመስገን።»

«አይጥ ታይቷል ወይስ አልታየም?»

«ካየኋቸው ሰነበትኩ።»

የኃላፊው ፊት በራ። «ይህ የማን ሥራ ይመስልዎታል?»

አዴ አሰገደች ጉደታን አዩ፤ ከዚያ የኃላፊውን የሚያብለጨልጭ ጫማ፣ ከዚያ የፎቶ አንሺውን ካሜራ።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አሉ። «እነሱ ሲወጡ እናንተ ገባችሁ።»

ኦቦ ፊራኦል በደስታ ወደ ጉደታ ዞሩ። «ይጻፉት፣ ኦቦ ጉደታ፤ ኅብረተሰቡ ልዩነቱን አይቷል።»