ስለ ሰፊው ክፍል የተደረገ የሦስት ቀን ዘመቻ

በተወለድኩ በዐሥራ አምስተኛው፣ ከታላቅ እህቴ ጋር አንድ ክፍል በተጋፋሁ በዐሥረኛው ዓመት፣ በዘመነ ኪራይ ፍጻሜ፣ ኮምፒውተርን ያለ ጦር ያለ ጋሻ ድል የነሳሁ እኔ ነኝ፤ የዚህ ዜና መዋዕል ጀግናዋም ጸሐፊዋም እኔው ስለሆንኩ የሚያስተባብል የለም።

ወበውእቱ ዘመን፣ ሊቀ ነዳፊያን ዘላፕቶፕ፣ አርክቴክቱ አጎቴ፣ የምንሠራውን ቤት ፕላን ሊያወጡ ተነሥተው አዋጅ አስነገሩ፦

«ጆሮ ያለህ ስማ፣ ስልክ ያለህ ቻርጅ አድርግ! ሁላችሁም ሦስት ቀን ስልካችሁን አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉ። ማን የት እንደሚውል ኮምፒውተሩ ይቆጥራል፤ ለእያንዳንዱም ብዙ የዋለበትን አስፍቶ የራሱ ክፍል ያደርግለታል። እንቅልፍ አይቆጠርም። የወጣውም ፕላን አይለወጥም!»

እኔም የምቆልፈው በር ኖሮኝ አያውቅምና ልቤ ተነሣሣ፤ ሠራዊቴን፣ ማለትም አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ የጥርስ ብሩሼንና ድመቷን አስከትዬ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ዘመትኩ፤ ከአልጋ እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ አልጋ ስመላለስ ምንጣፉ ሳሳ፣ ድመቷም ከዳችኝ። ዳሩ ግን ጠዋትም ማታም ንግሥተ መስታወት እህቴ መታጠቢያ ቤቱን በያዘች ቁጥር ዘመቻው ይቋረጥና፣ ኮሪደሩ ላይ ለሰዓታት እግሬን እያቀያየርኩ በሩን እከብ ነበር፤ «ፀጉርሽን ይዘሽ እጅ ስጪ!» ብዬ ባውጅም የመለሰልኝ ቧንቧው ብቻ ነው። ይህን ከዘመቻው አልቆጠርኩትም። አንገቴ ላይ ያለው ስልክ ግን ቆጠረው።

በአራተኛው ቀን፣ ለላፕቶፑ የሚሆን ደህና ሶኬት ያለው ኮሪደሩ ላይ ብቻ ነውና፣ እናቴ ከነመነጽራቸው፣ አባቴ ከነጋዜጣቸው፣ አያቴ ከነፎጣቸው እዚያው ተሰበሰቡ፤ ፕላኑም ተገለጠ። ለእህቴ መታጠቢያ ቤቱ አራት መስኮት ያለው አዳራሽ ሆኖ ተሰጣት። ለእኔ ደግሞ ስድስት ሜትር በአራት፣ ከቤቱ ሁሉ ታላቁ ክፍል፤ ቦታውም ከእህቴ አዳራሽ ደጃፍ፣ መስኮት አልባ፣ አልጋ አልባ፣ በርም የሌለው።

ሆኖም ግዛቷ የሰፋ፣ ጽናቷ የማይናወጥ፣ በእግሯ ቆማ ርስት ያቀናች ጀግና ክብር ይገባታልና፣ እንዲህ ስል የመጨረሻውን አዋጅ አሰማሁ፦ «ይህ ኮምፒውተር እኔን አያውቀኝም!»

አያቴም ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ፦

«እንዴት አያውቅሽም ልጄ? የምትኖሪበትን ነው የሰጠሽ። በይ አሁን ዞር በይልኝ፣ ተራዬ ነው።»