«አፈሬን መልሺልኝ»

እንዲያው ልጠይቃችሁ እስቲ፤ እኛ ሰዎች ከአፈር ጋር ምን አጣላን? ሰው ስንሰድብ «አፈር ብላ!» እንላለን። ወንድሜ፣ ሌላ ምን በልተን እናውቃለን? ጤፉም፣ ገብሱም፣ ባቄላውም ከዚያው አይደል የመጣው? ሰው ስንለምን ደግሞ «አፈር ስሆን» እንላለን። የሞተ ስንሸኝ «አፈሩን ያቅልልለት» ብለን እንመርቃለን። እኛ ዋግ ላይ ይህ ምርቃት ሳይሰምር አልቀረም። አፈሩ ከመቅለሉ ብዛት ዶፍ በወረደ ቁጥር ተነሥቶ ተከዜ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሱዳን ነው። ልጆቻችን ድንበር ለመሻገር ስንት መከራ ያያሉ! አፈራችን ግን «ወዴት ነህ?» ብሎ የሚጠይቀውም የለም።

የኔም እንጀራ ይኸው አፈር ነው። ሰቆጣ በገበያ ቀን ድምፅ ማጉያ ባጃጅ ላይ አስሮ «አፈራችንን እንጠብቅ! ውሃችንን እንያዝ! ዛፍ አንቁረጥ!» እያለ የሚዞር ሰውዬ ካያችሁ እኔ ነኝ። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ይባላል። በስብሰባው ማግስት «ሕዝቡ ግንዛቤ ጨብጧል» ብለን ሪፖርት እንልካለን። እኔ ግን ነገር መመርመር ስለምወድ ሁልጊዜ እጃቸውን አያለሁ። የጨበጡት ዱላቸውን ነው።

ቃላቶቻችንም ቢሆኑ አያግዙንም። አንድ ቀን ጋዝጊብላ በኩል ካለ ቀበሌ ሄጄ ስለ «ተፋሰስ ልማት» ብዙ አወራሁ። የአገሩ ሰው እርስ በርሱ የሚጫወተው በኽምጥኛ ነውና አማርኛን ቃል በቃል እየመዘነ ነው የሚሰማው። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡና ይህ ተፋሰስ የምትለው «ፈሰሰ» ከሚለው የመጣ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አባቴ፣ አልኳቸው። እንግዲያ እኛን የቸገረን ውሃውና አፈሩ ተያይዘው መፍሰሳቸው ነው፤ እናንተ ጭራሽ ልታለሙት መጣችሁ? አይሉኝም! ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ እውነታቸውን እኮ ነው።

እትዬ ዝማምን ያወቅኋቸው የዚያን ዕለት ነው። ስብሰባው ሲበተን ክንዴን ያዝ አድርገው ና አንድ ነገር ላሳይህ አሉኝ። ተከተልኳቸው። ያሳዩኝ ማሳቸውን መሀል ለመሀል የሰነጠቀ ቦረቦር ነው፤ ጎርፍ በልቶ በልቶ ገደል ያደረገው። ክረምት በመጣ ቁጥር ግራና ቀኙን እየገመሰ ይሰፋል። ባላቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ሳውዲ ነው ያለው። በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው መሬታችን ደኅና ናት ወይ እያለ ነው አሉኝ።

«ደኅና ናት እለዋለሁ። ሲመጣ ምን ላሳየው ልጄ? ገደል?»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ጎርፉ የሚመጣው ከበላያቸው ካለው ከአያ ሞላ ማሳ ነው። አያ ሞላ ደግሞ ባዳ አይደሉም። ያንኑ ሳውዲ ያለውን ልጅ ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። አበልጅ ናቸው እንግዲህ። አበልጅ ደግሞ እንዲህ በዋዛ አይከሰስም፤ አይረገምም፤ ይለመናል። እትዬ ዝማምም ለመኑ። በዓል ጠብቀው ለመኑ፤ ሰው ልከው ለመኑ። አፈር ስሆንልህ አበልጄ፣ ማሳህ ላይ እርከን ሥራና ጎርፉን ያዝልኝ አሉ። አያ ሞላ ወይ ፍንክች! እርከን መሬት ይሻማል፣ በሬ ለማዞር አይመችም አሉ። ደግሞም አይጥ ይፈለፈልበታል። እኔ ቤቴ እያፈሰሰ ለአይጥ የድንጋይ ቤት ልሥራ ወይ ብለው ተቆጡ።

እኔም ሄጄ አስተማርኳቸው። ምን ያላልኩት አለ? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል አያ ሞላ፣ የዛሬ አፈር የነገ እንጀራ ነው፣ ብዬ ላቤ ጠብ እስኪል ተናገርኩ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ልክ ነህ ልጄ አሉኝ። ጠላ ቀዱልኝ። ደገሙልኝ። መርቀው ሸኙኝ። እኔ ሞቅ ብሎኝ ወጣሁ፤ እርከኑ እንደሆነ የለም።

የአበልጅ ማሳ ላይ ማዘዝ አይቻልም። ቦረቦሩ ግን የራሳቸው የእትዬ ዝማም ነው። የቀበሌዋ የልማት ሠራተኛ፣ መቼም ጎበዝ ልጅ ናት፣ ቦረቦሩን አቋርጠን ክትር እንሥራበት አለች። ክትር ማለት ውሃውን አሳልፎ ደለሉን የሚያስቀር የድንጋይ ካብ ነው። እትዬ ዝማም ንፍሮ ቀቅለው፣ ጠላ ጠምቀው ደቦ ጠሩ። እኔም ድንጋይ ተሸከምኩ፤ ወገቤ እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል። ክረምት ገባ። ጎርፉ ከላይ እያጓራ ወርዶ ክትሩ ላይ ሲደርስ ተንፈስ አለና የተሸከመውን ሁሉ እዚያው አራገፈው። በተከታዩ ክረምት የቦረቦሩ ታችኛው ወገን ጢም ብሎ ሞላ። እትዬ ዝማም ዱባ ተከሉበት። ኧረ የዱባው ነገር! አንዱን አቅፌ ላነሣው ብል እጆቼ አልገጥም አሉ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

አያ ሞላ በዚያ ሲያልፉ ዱባውን አዩና ቆሙ። ጎንበስ ብለው አፈሩን ዘገኑ። አሸተቱት። ወይ ጉድ! በፍግ ያደለብኩት የኔ አፈር አይደለም ወይ! አሉ። ከዚያማ እንቅልፍ ከየት ይምጣ? በማግስቱ ሽማግሌ ሰበሰቡ። ክሱ አንድ ነው፦ «አበልጄ፣ አፈሬን መልሺልኝ።»

እንዲህ ያለ ሙግትማ አያመልጠኝም ብዬ ከሰቆጣ ገሠገሥኩ። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። መቼም እኛ አገር ጥላ ካማራችሁ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። ያንን ሁሉ ጥድና ወይራ ማን ጠበቀው? ግዝት ጠበቀው። የኔ ባጃጅ እዚያ ደርሳ አታውቅም።

አያ ሞላ ተነሥተው ተሟገቱ። በሬዬ ገመዱን በጥሶ ደጇ ቢገባ ትመልስልኛለች አይደል? አህያዬስ? ታዲያ አፈሬ ከአህያዬ ያንሳል ወይ? አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ነገሩ ያስኬዳል እኮ! እትዬ ዝማም ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«በሬ የጠፋበት ሰው አገር ያስሳል። አፈርህ እየሄደብህ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ደጅህ መጣሁ አበልጄ? አንተ ምን አልከኝ? እኔ መንገደኛ አሳደርኩ እንጂ ምን ሰረቅሁህ?»

ሽማግሌዎቹ በኽምጥኛ ሹክ ሹክ ተባባሉ። አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው የሳቁም ነበሩ። ፍርዱ እንዲህ ሆነ። አፈሩ የሞላ ለመሆኑ አልተካደም፤ ስለዚህ ይውሰድ። ውሃ በነጻ አወረደው፤ ውሃ ግን ዳገት አያወጣምና ሞላ በገዛ ጀርባው ተሸክሞ ያውጣው። ዱባውን እንዳይነካ። አያ ሞላ ዳገቱን አዩት። ከእግሩ እስከ ራሱ ደጋግመው አዩት። ከዚያ ዱላቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በነጋታው ምን ሲያደርጉ ቢገኙ ጥሩ ነው? ድንጋይ ሲፈነቅሉ! ከእንግዲህ ለአበልጄ እፍኝ አፈር አልሰድም ብለው ምለዋል። የልማት ዘመቻውን እንኳ አልጠበቁም። ማሳቸውን ከዳር እስከ ዳር በእርከን ሸነሸኑት። አይጡም ተረሳ። እኔ በስንት ስብሰባ ያልቻልኩትን ቅናት በአንድ ቀን አስተማረችላችሁ። «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚሉት ለካ ለዚህ ኖሯል። ሪፖርት ላይ ግን እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። እኔም እንደ ደንቡ «አርሶ አደሩ በትምህርቱ ተለውጠዋል» ብዬ ላክሁ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲጋመስ ልያቸው ብዬ ሄድኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከአያ ሞላ ማሳ የሚወርደው ውሃ ኩልል ያለ ነው። ቦረቦሩ መስፋቱን ትቷል። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻችኋለሁ፣ ለሰላምታም እጄን ዘረጋሁ። እትዬ ዝማም አገላብጠው ይስሙኛል ብዬ ስጠጋ፣ ክትራቸው አጠገብ ቆመው ፊታቸው ጠቁሯል።

ምነው እትዬ፣ ደኅና አይደሉም እንዴ? አልኳቸው።

«ምን ደኅና አለ! እየው፣ ቦረቦሩ ገና ግማሹ ነው የሞላው። ልጄ ለከርሞ እመጣለሁ ብሎኛል። አበልጄ ደግሞ አፈሩን ዘጋብኝ! አንዲት ቅንጣት አይለቅም እኮ!»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ታዲያ ምን አሰቡ አልኳቸው። አስበው ጨርሰዋል። አያ ሞላን ከሰዋቸዋል፤ ሽማግሌዎቹም ለእሑድ ቀጥረዋል። እኔንም ምስክር ቆጥረውኛል። የአያ ሞላ አፈር ከጥንት ጀምሮ በእትዬ ዝማም ማሳ ላይ ሲወርድ የኖረ ለመሆኑ፣ አሁን መከልከሉም ግፍ ለመሆኑ፣ እኔው ቆሜ እንድመሰክርላቸው።