ባለሙያ አሳዳጇ ስርጉት

በየከተማው አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ እንግዳ ባለሙያ ገና ሁለተኛ እግሩን ከመኪና ሳያወርድ ደብተር ዘርግቶ የሚጠብቅ። የቢቸናዋ ለእኛ መሥሪያ ቤት ደረሰችን። ስርጉት ትባላለች፤ የሞጣ ልጅ፣ የላንድስኬፕ አርክቴክቸር ተማሪ። ዩኒቨርሲቲዋ ለአራት ወር የተግባር ልምምድ ልኳት ነው። እናቷ "አትክልተኛ ለመሆን አምስት ዓመት?" ይላሉ አሉ።

እኔ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነኝ፤ በሙያው ዲግሪ አለኝ። እንግዶቹ ግን ስሜ "መዝገብ ቤት" ይመስላቸዋል። "መዝገብ ቤት፣ ካርታውን አምጣ!" ይሉኛል። አመጣለሁ፤ ፈርመው ይወስዳሉ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዳቸውም አጠገባቸው አስቀምጠው አንድ ነገር አላስረዱኝም። እርሷ በሁለተኛው ሳምንቷ የመለኪያ መሣሪያቸውን ስትሸከም አየኋት። ቀናሁ። ከመቅናት የሚሻል ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ክብርት ስርጉት ሁልጊዜ የምትጀምረው "አንድ ጥያቄ ብቻ" ብላ ነው። ቆጥሬባታለሁ፤ አንድ ቀን አንዱ አሥራ ሰባት ደረሰ።

አንድ ወጣት የአፈር ባለሙያ መጥቶ ነበር። ምሳ ላይ፣ ጉርሻው አፉ ውስጥ ሳለ ስለ ጥቁሩ መረሬ አፈር ጠየቀችው። ውጦ መለሰ። ሁለተኛውን ጉርሻ ግን አላስነሣችውም። በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ሲነሣ "ሞጣ ድረስ አብሬያችሁ ልሂድ" ብላ ገባች።

የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር አድርሷቸው ሲመለስ "ጋሼ ፋንታ፣ ሞጣ ላይ ስትወርድ ሰውዬው አማተበ" አለኝ። "እኔንም አልማረችኝ። ክረምት መንገዱን ውሃ የሚቆርጠው የት የት ነው እያለች አፌን አደረቀችው።"

ደብተሯን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ለባለሙያው ሦስት ገጽ፣ ለሾፌሩ አምስት።

ጥር ላይ ኢንጂነር እዮብ ከአዲስ አበባ መጡ፤ ከቢሯችን ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ መናፈሻ ሊያደርጉት። ባዶ ያሉት እርሳቸው ናቸው። በንድፋቸው ላይ ዛፎቹ ይቆረጣሉ፤ መሬቱ ንጣፍ ይለብሳል፤ ዙሪያውን ዘንባባ ይቆማል።

ዛፎቹን የተከለቻቸው ባለቤቴ አስናቀች ናት። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነበረች፤ አምና ኅዳር አረፈች። ከተከለቻቸው አርባ አንድ ችግኞች ሠላሳ ሦስቱ ጸድቀዋል፤ ዝርዝሩ በእጄ ነው። አፌን ብከፍት "ሐዘኑ ነው የሚያናግረው" እንደሚሉኝ ስለማውቅ ዝርዝሩን ከፋይሉ አናት ላይ አድርጌ ለኢንጂነሩ ሰጠኋቸው። ሳይከፍቱት የሻይ ብርጭቆ አስቀመጡበት።

ቦታውን ልናስረክባቸው ስንወጣ ስርጉት ደረሰች።

"ኢንጂነር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። በክረምት መጥተው ያውቃሉ?"

"ክረምት ማን ይመጣል? መንገዱ ጭቃ ነው።"

"ከላይ ከመንገዱ የሚወርደው ውሃ ኃይሉ የሚበርደው እዚህ ነው፤ ሾፌራችን ነግሮኛል። እነዚህ ሠላሳ አራት ዛፎች ከተነሡ ጎርፉን ማን ይይዘዋል?"

"ሠላሳ ሦስት ናቸው" አልኩ። እንግዳ ፊት ሳልጠየቅ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

"ሠላሳ አራት ናቸው፣ ጋሼ።"

"ልጄ፣ መዝገቡ በእጄ ነው!"

"ዛፎቹ ደግሞ እዚህ ናቸው። ይምጡ እንቁጠራ።"

ቆጠርን። ሠላሳ አራተኛው ከትልቁ ዋንዛ ሥር፣ ከአጥሩ ጥግ ተሸሽጎ የቆመ ጉልበት የማያክል ዋንዛ ነው። ማንም አልተከለውም። ኢንጂነሩ በዚያ ንጹሕ ሱሪ ተንበረከኩ። ቅጠሎቹን በጣታቸው ገለጥ አደረጉ፤ እርጥበት የሚቆይበትን፣ ወፍ ዘር የምትጥልበትን አንድ በአንድ አሳዩዋት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስተማሯት። እኔ ከኋላ ቆሜ አንገቴን አሰገግኩ።

በመጨረሻ ወረቀታቸውን ጠቀለሉ። "ዛፎቹ ባሉበት ይቆዩ፤ የመናፈሻው መንገድ ይዙርላቸው" አሉ።

ቢሮው ሁሉ ስርጉትን አመሰገነ። እኔ ግን ቅናቱ ባሰብኝ። በየጠዋቱ በዛፎቹ አጠገብ አልፌ እገባለሁ። የሚስቴን ዛፎች ከወረቀት ላይ እንጂ ከመሬት ላይ ቆጥሬያቸው አላውቅም። ከመጣች አራት ወር ያልሞላት ልጅ ከሥራቸው ተንበርክካ፣ እኔ የማላውቀውን አገኘች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ሞጣ ልትሄድ ሻንጣዋን አንጠልጥላ መዝገብ ቤት ብቅ አለች። እንደ ወትሮዋ አልፈጠነችም።

"ጋሼ፣ ዛፎቹን የተከሉት ወይዘሮ አስናቀች መሆናቸውን ሾፌሩ ነገረኝ። ነፍስ ይማር። ጥዱን በምሥራቅ በኩል፣ ዋንዛውን ወደ ውስጥ ለምን እንዳደረጉት ያውቃሉ?"

ከአርባዋ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እኔ እንዴት እንደሆንኩ ነበር። አስናቀች እንዴት ታስብ እንደነበር የጠየቀኝ አልነበረም።

"ተቀመጪ" አልኳት። ጥዱ ነፋሱን እንዲከላ፣ ዋንዛው ሲያብብ ንቡን እንዲጠራ ብላ ነው። ክረምቱን ሁሉ ምሳዋን እዚያው ትበላ ነበር። የደረቁትን ስምንቱን በስም ጠርታ አለቀሰችላቸው፤ እኔም ስቄባታለሁ። ይህን ሁሉ ነገርኳት፤ በየትኛውም ፋይል ውስጥ የለም።

የሞጣው የመጨረሻ መኪና ሲያመልጣት እኔ ገና ችግኞቹን የተከለችበትን የመጀመሪያውን ክረምት እየተረክሁ ነበር። እርሷ አልተቆጣችም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅኳትም።